በጥያቄና መልስ መሀል የመጣ መርዶ

ይሄ ነገር የደረሰብን ባለፈው ዓመት፣ መስቀል ካለፈ በኋላ ነው። ሰው ሁሉ «በቃ እርሺው፣ ሰውዬው ሳያውቅ ነው» ይለኛል። እኔ ግን አልረሳውም። ዛሬም ባጃጅ ውስጥ ተሳፍሬ ያ ሰው በሬዲዮ ሲስቅ ከሰማሁ ደሜ ይፈላል። ሹፌሩን «ወይ ዝጋው ወይ አውርደኝ» እለዋለሁ። እንደ እብድ የሚያየኝ አለ። ይየኝ።

አርባ ምንጭ ሲቀላ ሰፈር ውስጥ ዱንጉዛ የሚባለውን የጋሞ ባለቀለም ሸማና ጋቢ የምሸጥበት ትንሽ ሱቅ አለኝ። ጨርቁ የሚመጣልኝ ከጨንቻ ነው፤ እኛም የዚያው የጨንቻ ሰዎች ነን። አባታችን ሸማኔ ነበር። እሱ ካረፈ ወዲህ እናቴ ደጋውን ትታ እኔ ጋ ወርዳለች። ታላቅ ወንድሜ ዘለቀ ደግሞ አዲስ አበባ ነበር የሚኖረው። ደራሲ ነበር። ሁለት የአጫጭር ታሪኮች መጽሐፍ አሳትሟል። አገር ያወቀው ነበር አልልም፤ በእኛ በኩል ግን ማንበብ የሚወድ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

እናቴ ማንበብ አትችልም። እሁድ ከቅዳሴ ስንመለስ ቁጭ ብዬ አነብላታለሁ። አማርኛው ሲጠናባት በጋሞኛ እመልስላታለሁ። አንዳንዱን ስትሰማ «ኧረ ይሄ የጎረቤቶቻችን ቤት ነው! ይሄ ልጅ ከሰው ሊያጣላን ነው!» እያለች ትስቃለች። ደስታዋን አትችለውም ነበር።

ሌላ የምትወደው ነገር ቢኖር የከተማችን ሬዲዮ የቅዳሜ ከሰዓት ጥያቄና መልስ ነው። ጥያቄው ስለ መጻሕፍትና ስለ ደራሲዎች ነው፤ አቀራረቡ ግን ቀልድ በቀልድ ነው። አንድ ወንድና አንዲት ሴት ናቸው የሚያቀርቡት። የደወለው ሰው ከሳተ የአህያ ጩኸት ይለቁበታል፤ ከመለሰ እልልታና ከበሮ። እናቴ ግማሹ አይገባትም። ግን አህያው በጮኸ ቁጥር ሆዷን ይዛ ትስቃለች። «አንድ ቀን የኔን ልጅ ይጠይቃሉ፣ ታያላችሁ» ትል ነበር።

አንድ ሐሙስ ዕለት ሱቅ ውስጥ እያለሁ ከአዲስ አበባ ተደወለልኝ። ዘለቀ በድንገት ታሞ ሆስፒታል በገባ በማግስቱ አረፈ። ምን ልበላችሁ! የጋቢ ክምር ላይ ተደፋሁ። ድምፄ ወጥቶ ጎረቤት ሰምቶ ቀድሞኝ እናቴ ጋ እንዳይደርስ ጋቢውን ነክሼ ነው ያለቀስኩት።

መቼም መርዶ በእኛ አገር ዝም ብሎ አይነገርም። ሽማግሌ ይሰበሰባል፤ ጎህ ሲቀድ ይኬዳል፤ ዘመድ ዙሪያውን ይከባል፤ ውሃ ይያዛል። እናቴ ደግሞ ደም ግፊት አለባት። የእናቴ ወንድም ከጨንቻ ደውሎ «አስከሬኑ የሚደርሰው እሁድ ነው። እሁድ ጎህ ሲቀድ መጥተን እንነግራታለን። እስከዚያ ትንፍሽ እንዳትይ፤ ብቻዋን ሰምታ እሷንም እንዳናጣት» አለኝ። እሺ አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ?

እነዚያን ቀናት ጠላቴም አይያቸው። ቤት ስገባ ፊቴን ታጥቤ፣ እንደ ወትሮው ስለ ገበያ አወራለሁ። አብሬያት እበላለሁ። «ዓይንሽ ምን ሆኗል?» ስትለኝ «ጉንፋን ነው» እላለሁ። ዘመድ ሁሉ እንዳይደውልላት አስጠነቀቅን። ሬዲዮዋንም ልደብቀው ነበር። አጎቴ «ከደበቅሽው ትጠረጥራለች፣ ዜና ሲጀምር ብቻ ዝጊው» አለኝ። የቅዳሜው ዝግጅት ደግሞ ቀልድ ነው። ከቀልድ ምን ይመጣል ብለን ተውነው።

ቅዳሜ አጎቴ ሁለት ሽማግሌዎች ይዞ ወረደ። ለእናቴ «ለመሬት ጉዳይ መጥተን ነው» ብለው ምሳ በልተው፣ ግቢያችን ውስጥ ማንጎው ጥላ ስር ተቀመጡ። እሷ ቤት ውስጥ ሬዲዮዋን ከፍታ ትስቃለች። እኔ ደጅ ሳህን አጥባለሁ።

ሰውዬው በሬዲዮ «ቀጣዩ ጥያቄ!» አለ። «የሸማኔ ልጅ ነው። የአባቱን መወርወሪያ ወርውሮ ብዕር ያነሳ! የጨንቻ ሰው ሆኖ ብርድ የሚፈራ! ጋቢ ከመልበስ ስለ ጋቢ መጻፍ የሚቀለው! ማነው ይሄ ደራሲ?»

ክው አልኩ። አጎቴን አየሁት፤ እሱም አየኝ። ገብቼ ሬዲዮውን ልዝጋው? «ለምን?» ብትለኝ ምን ልላት ነው? አንድ ሰው ደውሎ ሌላ ስም ጠራ፤ አህያው ጮኸ። እናቴ ግን ያን ጊዜ አልሳቀችም። አጎቴ በእጁ «ሂጂ፣ ሂጂ፣ ወሬ አስጀምሪያት» አለኝ። እጄን በቀሚሴ እየጠረግሁ ተነሳሁ።

በሩ ጋ ሳልደርስ የእናቴን ድምፅ ከቤት ውስጥ ሰማሁ። ወዲያው ያንኑ ድምፅ ከጎረቤት ሬዲዮ ሰማሁት። የጣቢያውን ስልክ እየደጋገሙ ስለሚናገሩት በቃሏ ይዛዋለች። በሕይወቷ ደውላ አታውቅም፤ ያን ቀን ደወለች።

«እኔ አውቃለሁ እሱን» አለች።

«እሺ ማዘር! ማነው?»

«ዘለቀ ነው። የኔ ልጅ ነው።»

አቅራቢዋ ሴት በሳቅ ፈነዳች። ሰውዬውም «ማዘር፣ ደራሲ ሁሉ የእርስዎ ልጅ ነው እንዴ?» አለና አህያውን ለቀቀባት። እናቴ አልተቀየመችም። እሷም እየሳቀች «እውነቴን ነው! እኔ ነኝ የወለድኩት!» አለች። እንዲህ ደስ ብሏት ስትናገር ሰምቻት አላውቅም።

እሱ ምን አለ? «እንግዲያው ማዘር፣ ለቅሶ አይቀመጡም? ልጅዎ እኮ ሐሙስ ነው ያረፈው!» ብሎ ሳቀ። ሳቀ! አጠገቡ ያለችውም ሳቀች።

እናቴ ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች «ማነው ያረፈው?» አለች። ከተማው ሁሉ ሰምቷታል። «መስመሩ ተቋረጠ መሰለኝ» ተባለና ዘፈን ተለቀቀ።

ዞር ብላ በሩ ላይ አየችኝ። «በላይነሽ፣ ሰውዬው ምን ይላል?» አለችኝ። ፊቴ ነገራት መሰለኝ። ስልኩ ከእጇ ወደቀ። እሪታዋን ስትለቀው ሽማግሌዎቹ እየሮጡ ገቡ። ጎህ ሲቀድ ሊነግሯት የተዘጋጁት ሰዎች አሁን እጇን ከመያዝ በቀር የሚሠሩት አልነበራቸውም። ራሷን ሳተች። በባጃጅ ሆስፒታል አደረስናት። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተረፈች። በማግስቱ ሁለት ሰው ደግፏት ልጇን ጨንቻ ቀበረች።

ከቀብር መልስ አንጀቴ እንደበገነ ነበር። አርባው ሳይወጣ ሬዲዮ ጣቢያው ድረስ ሄድኩ። ጥበቃው «ቀጠሮ አለሽ?» ሲለኝ «እነሱ እናቴን ሲገድሏት ቀጠሮ ነበራቸው?» አልኩት። አስገባኝ።

ሰውዬው ሲያየኝ ደነገጠ። ጎረምሳ ነው፤ በሬዲዮ ሲሰሙት ትልቅ ሰው ይመስላል። «እኅቴ፣ በጣም ይቅርታ። እውነት እናቱ አልመሰሉኝም። ብዙ ሰው እየደወለ ይቀልዳል። ዝግጅቱ እኮ ደራሲውን ለማክበር ነበር» አለኝ።

«ለማክበር? በአህያ ነው የምታከብሩት?»

«ፕሮግራሙ መዝናኛ ስለሆነ…»

«አንተ የዚህ አገር ልጅ አይደለህም? እናትህ መርዶ እንዴት እንደተነገራት አላየህም? ሐሙስ የሞተ ሰው እናት ቅዳሜ እየሳቀች ብትደውል፣ አልሰማች ይሆናል አትልም?»

አቀረቀረ። አለቃው መጥቶ «በቀጥታ ስርጭት እንዲህ ያለ ነገር ያጋጥማል» አለኝ። ያጋጥማል! ዝናብ መትቶኝ የመጣሁ አስመሰለው። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም። የከተማ ትልቅ ሴትዮ ብትደውል እንዲያ ይስቅባት ነበር? የደጋ አሮጊት ናት፣ አማርኛዋ ይሰባበራል፣ በቃ መሳቂያ ናት። ይሄን ሁሉ ነግሬያቸው፣ በሩን ወርውሬው ወጣሁ።

ከዚያ ሰውዬው ሽማግሌ ልኮ መጣ። በጋሞ ሽማግሌ እርጥብ ሳር ይዞ ከተንበረከከ ነገሩ አለቀ ማለት ነው፤ እምቢ አይባልም። ይሄን ስለማውቅ ገና ሳሩን በአጥሩ በኩል ሳየው በገንኩ። ሽበታም ሰዎች ደጃችን ላይ ተንበረከኩ። እሱም ከኋላቸው። እኔ ብሆን፣ ነውርም ቢሆን፣ ሳሩን ተሻግሬ እሄድ ነበር። የተለመነችው ግን እናቴ ናት።

«ተነሱ» አለቻቸው። ሰውዬውን አስጠራችው። መጥቶ ጉልበቷን ሊስም ሲል ጭንቅላቱን ያዘችና «ከአንተ ጋር ጠብ የለኝም። አንተ አላወቅህም» አለችው። እሱ ማልቀስ ጀመረ።

እኔ ግን አልቻልኩም። «እማዬ፣ ሳቀብሽ እኮ!» አልኩ።

ያኔ ወደ እኔ ዞረች። እንዲያ አይታኝ አታውቅም። «እሱ የሳቀብኝ አንድ ጊዜ ነው። አንቺስ? ልጄ ሳጥን ውስጥ ተኝቶ፣ አንቺ ፊቴ ቁጭ ብለሽ ታጎርሺኝ ነበር። ጉንፋን ነው ትዪኝ ነበር። አንተም» አለች፣ ለእርቁ ከጨንቻ የወረደውን ወንድሟን፤ «ምሳዬን በልተህ፣ መሬት ምናምን ብለህ፣ ከደጄ ተቀምጠህ ሳቄን ትሰማ ነበር። ከሐሙስ ጀምሮ ላለቅስለት ሲገባኝ እየሳቅሁ ዋልኩ። ያሳቃችሁኝ እናንተ ናችሁ።»

አጎቴ «እህቴ፣ ወግ ነው እኮ! ለጤናሽ ብለን ነው!» አለ።

«ወጉን ለእኔ ብላችሁ ከሆነ፣ እኔ አልፈልግም» አለችና ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ገባች። ሽማግሌዎቹ ሳራቸውን ይዘው ተያዩ። ሊያስታርቁን ሲመጡ ሌላ ጠብ ገጠማቸው።

እውነቱን ልናገር፤ በእሷም ተናድጄ ነበር። ጋቢ ነክሼ ያለቀስኩት ለማን ብዬ ነው? አብሬያት የበላሁት ምግብ እንደ ድንጋይ ሲወርድ ያየኝ አለ? ያን ወግ እኔ አላወጣሁትም፤ ተቀብዬ ነው። ለሳምንታት አንድ ቤት ውስጥ ሆነን ጥሩ አልተነጋገርንም። እሷ ጭራሽ ያንን ሬዲዮ መስማቷን አልተወችም። ቅዳሜ ሲደርስ እኔ ሱቅ እሄዳለሁ። ለሰውዬው ያደረግሁት ይቅርታም እስከ ዛሬ ከአንገት በላይ ነው። ሳር ተይዞ ስለተለመንን ዝም አልኩ እንጂ ልቤ አልበረደም።

ባለፈው ወር የእናቴ ታናሽ እህት ካምባ ወረዳ ውስጥ አረፈች። የተደወለው ለእኔ ነው። ወዲያው አጎቴ ደወለ። «ነገ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌ ይዤ እመጣለሁ። እስከዚያ አደራ!» አለኝ። ስልኩን ዘጋሁና ቤቴ ሄድኩ።

ፀሐዩ አናት ይበሳል። እናቴ ጓሮ ቁጭ ብላ ጎመን ትቀነጥሳለች። አጠገቧ ተቀመጥኩ። የደም ግፊቷ ትዝ አለኝ፣ ብቻችንን መሆናችን ትዝ አለኝ። ጎመኑን ከእጇ ወሰድኩና «እማዬ፣ አክስቴ አረፈች» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ።

«መቼ?»

«ዛሬ ጠዋት።»

«አንቺስ መቼ ሰማሽ?»

«አሁን ነው። ሰምቼ ቀጥታ ወደ አንቺ ነው የመጣሁት።»

አንገቴ ላይ ተጠመጠመችና እህቷን በስሟ እየጠራች አለቀሰች። እኔም ያን ጊዜ ከእሷ ደብቄ ያለቀስኩለትን ወንድሜን አብሬያት አለቀስኩት። ጎረቤት እስኪሰማ ድረስ ሁለታችን ብቻ ነበርን።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ አጎቴ ሽማግሌ አስከትሎ ሲመጣ ድንኳን ተተክሎ፣ ለቅሶው ደምቆ ጠበቀው። በሰው ፊት ወግ አፍራሽ አለኝ። እናትሽን ልትገዪ ነው አለኝ። ዘመድ ሁሉ እየተቀባበለ ተቆጣኝ፤ እስከ ዛሬ የማያናግረኝ አለ።

ይቆጡ።