ሦስት ኮከብ የሰጡኝ ሽማግሌ

ልጄን ከወለድኩ በኋላ ቤት መዋል ግድ ሆነብኝና ድሮ የተማርኩትን የሹራብ ሥራ ጀመርኩ። ካልሲና የሕፃን ኮፍያ እሠራለሁ። ዩኒቨርሲቲ የምትማረው ታናሽ እህቴ በኢንተርኔት ሱቅ ከፈተችልኝ፤ ፎቶ የምታነሳውም፣ ትዕዛዝ የምትቀበለውም እሷ ናት። ሰው ይገዛል፤ መንገድ ላይ ያገኘኝም "እጅሽ ይባረክ" ይለኛል። ገጹ ላይ ግን አንድም ሰው አይጽፍም ነበር።

"ጠይቂያቸዋ!" አለችኝ እህቴ። "የማያውቅሽ ሰው እኮ የገዙት ምን አሉ ብሎ ነው የሚገዛው።"

አመስግኑኝ ብሎ መለመን መስሎኝ አፈርኩ። ቢሆንም ዕቃው ለደረሳቸው ሁሉ "እባክዎ አስተያየትዎን ይጻፉልን፤ ኮከብም ይስጡን" የሚል መልእክት ላክን።

መጀመሪያ የመጣው ሦስት ኮከብ ነበር። ከአምስት ሦስት፤ አንድ ቃል እንኳ የለውም። ግራጫ የሱፍ ካልሲ የገዛ ሰው ነው የሰጠው። ልጄን እያጠባሁ ስልኩን ደጋግሜ አየሁት፤ ሆድ ባሰኝ። እህቴ "ተዪው፣ ሌላ ይመጣል" አለች። አላስቻለኝም፤ ደወልኩ።

ስልኩን ያነሱት አንድ ሽማግሌ ናቸው። ማን እንደሆንኩ ነገርኳቸውና "አባባ፣ ካልሲው ምን ጎደለው?" አልኳቸው።

"ሦስት መጥፎ ነው እንዴ ልጄ?" ደነገጡ። "ለባለቤቴ ነው የገዛሁት። ቀኝ እግሯ ላይ ልክ ነው። ግራው ግን ከታመመች ወዲህ ያብጣል፤ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ያዛት። አንዱ ተመቻት፣ አንዱ አልሆነም። እኔም መሃል ላይ ሰጠሁሽ።"

ሳቄ መጣ፤ ወዲያው ደግሞ እንባዬ። "መጥቼ እግራቸውን ልለካ?" አልኩ።

ቤታቸው ሐይቁ ዳር ወዳለው አሞራ ገደል በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። ልጄን አዝዬ ሄድኩ። እማማ መስኮት አጠገብ ተቀምጠዋል፤ ግራ እግራቸው ትራስ ላይ ነው። ተንበርክኬ ስለካ በሲዳሙ አፎ አንድ ነገር አሉ።

"የሐይቁ ነፋስ ሲነሳ እግሬን ይበርደኛል፤ እሱ በእጁ ይዞ ያሞቅልኛል ነው የምትለው" ብለው ባለቤታቸው ተረጎሙልኝና አቀረቀሩ።

"ቀለሙንስ ወደዱት?" ብዬ ጠየቅሁ። እማማ ረዘም አድርገው መለሱ። አባባ ሳቅ ብለው "ቀይ ነበር የምፈልገው አለች። ግራጫውን የመረጥኩት እኔ ነኝ፤ ለእኔ ግን አልነገረችኝም" አሉ።

ቀይ ክር ገዝቼ ሌላ ሠራሁ፤ የግራውን ሰፋ፣ አፉንም ላላ አደረግሁት። ስወስድላቸው አባባ ራሳቸው ቀስ እያሉ አጠለቁላቸው። እማማ የእግራቸውን ጣቶች እያንቀሳቀሱ ትንሽ ሲያዩ ቆዩና ልጄን እንድሰጣቸው እጃቸውን ዘረጉልኝ።

በማግስቱ ገጹ ላይ እንዲህ የሚል ተጽፎ አገኘን፦ "ግራው ከቀኙ ይሰፋል። ጠይቃን ነው እንዲህ የሠራችው። ባለቤቴ ቀይ ትወዳለች፤ እኔም ገና አሁን አወቅሁ።" ከሥሩ አራት ኮከብ። "አምስተኛዋስ?" ብላ እህቴ ተቆጣች። እኔ ግን ዳግመኛ አልደወልኩም።

ከዚያ ወዲህ ሰው መጻፍ ጀመረ። አንዷ "የእናቴም እግር እንደዚሁ ነው፤ ለእሷስ ትሠሪላታለሽ?" አለች። መልእክታችንንም ቀየርነው፤ "ምን አልተመቸዎትም?" ብለን ነው የምንጀምረው። ስለ ካልሲው ሁለት መስመር ይጽፉና ስለሚለብሰው ሰው ብዙ ያወራሉ። ልጄ ሲተኛ ለእህቴ ጮክ ብዬ አነብላታለሁ።