ጡት ለማስጣል ወደ ሁምቦ

ከሶዶ የተነሣነው በየካቲት ወር፣ ቅዳሜ ጠዋት ነው። ተጓዦቹ ሁለት ነን፤ እኔና ዓመቱን ደፍኖ ጥቂት የተሻገረው ልጄ ናሆም። የምንሄደው ወደ ሁምቦ፣ እናቴ ቤት ሲሆን ዓላማችን ናሆምን ጡት ማስጣል ነበር። ባለቤቴ ምሕረት ቤት ቀረች። ጡት ለማስጣል ጡቱን ይዞ መንገድ የሚወጣ የለም።

እኛ ዘንድ ጡት አልተው ያለ ልጅ የሚላክበት ቦታ የታወቀ ነው፤ አያቱ ጋ። እዚያ ሲሰነብት የእናቱን ሽታ ይረሳል፣ የላም ወተትና ገንፎ ይለምዳል፣ ወፍሮ ይመለሳል። ብዙ ሰው ይህን የሚያደርገው ልጁ ሁለት ዓመት ሲጠጋ፣ እየሳቀና እየቀለደ ነው። እኛን ግን የሚያስቸኩል ነገር መጣብን። ምሕረት ብብቷ ሥር እብጠት ወጣባት። ሀዋሳ ድረስ ሄደን ተመረመረች፤ ሐኪሙ የበሽታውን ስም ነገረን፤ መድኃኒት የምትጀምርበትንም ቀን ቆረጠ። "መድኃኒቱ በወተት በኩል ለልጁ ይደርሳል፤ ከዚያ በፊት ጡት መተው አለበት" አለን። የበሽታውን ስም ቤት ውስጥ አንጠራውም። "እብጠቱ" እንላለን።

መጀመሪያ እዚያው ቤት ሞክረን ነበር። ጎረቤት እሬት ቀቢ አለቻትና ቀባች። ናሆም ቀመሰው፣ ፊቱን ጨፈገገ፣ በመዳፉ ጠረግ ጠረግ አድርጎ መጥባቱን ቀጠለ። የምሕረት እናት ይህን አይተው በሳቅ ሞቱ። እሳቸው ከጉራጌ አገር መጥተው ሶዶ ላይ በንግድ የኖሩ ሴት ናቸው፤ እኔን መተረብ ይወዳሉ። "የወላይታ ልጅ አይደል? ዳታ በርበሬ እየላሰ የሚያድግ በእሬት ይመለሳል?" አሉ። ምሕረትም አብራቸው ሳቀች። ከሳቀች ሰንብታ ስለነበር እኔም እሬቱን አመሰገንኩት።

የአማቴ ቤት ከኛ ጋር አጥር ለአጥር ነው፤ እዚያ ቢቀመጥ ለቅሶውን ትሰማዋለች። ስለዚህ ዕጣው በቆላ ለምትኖረው እናቴ ደረሰ።

እናቴ በስልክ አጥብቃ ያዘዘችኝ ነገር ነበር፤ ምሕረት የለበሰችው፣ የታጠቀችው፣ ልጁን ያዘለችበት ጨርቅ አብሮ እንዳይመጣ። ምሕረት ለመጨረሻ ጊዜ አጥብታው ስታበቃ በአንቀልባው ልታሳዝለኝ ነበር፤ ትዕዛዙ ትዝ ሲላት ፈታችውና አጣጥፋ አልጋው ላይ አኖረችው።

"ከረሳኝስ?" አለችኝ።

"ልጅ እናቱን ይረሳል እንዴ?"

"ጡቱን እንዲረሳ አይደል የምትወስደው? እኔን ከጡቱ ለይቶ የሚያውቀኝ ይመስልሃል?"

ባጃጁ እየጠበቀን ነው ብያት ወጣሁ።

መንገድ

የዳሞታ ተራራ ጉም ውስጥ ገብቶ ነበር። መናኸሪያው ውስጥ ረዳቱ የሁምቦን ከተማ ስም እየጠራ "ተበላ! ተበላ! አንድ ሰው የቀረው!" እያለ ይጮኻል፤ ሚኒባሱ ውስጥ ግን ከኛ ጋር የተቀመጡት አራት ሰዎች ብቻ ናቸው። እስኪሞላ ድረስ ናሆም መስኮቱን እየመታ ተጫወተ፣ ከዚያ ሰለቸው፣ ከዚያ አንገቴን እያሸተተ ያጣውን ነገር ይፈልግ ጀመር። ሹራቤን ሳብ አድርጎ ወደ ውስጥ ተመለከተ። ደረቴን ሲያይ ለቅሶውን ለቀቀው።

አጠገቤ ወደ ተበላ ገበያ የምትወርድ ቅቤ ነጋዴ ተቀምጣለች።

"እናቱ የት ሄደ?" አለችኝ፤ አማርኛዋ ወንድና ሴት አይለይም።

"ቤት ናት።"

"ታመመ?"

"ደህና ናት" አልኩ። ውሸቱ አፌ ውስጥ ጎረበጠኝ።

ሴትዮዋ ልጁን አየችው፣ ሹራቤን አየች፣ ገባት። "ጡት ልታስጥል ነው! እስቲ አምጣው" ብላ ተቀበለችኝ። ጠና ያለች ሴት ናት፤ ልጆቿም የልጅ አባት ሳይሆኑ አይቀሩም። ናሆም ጭኗ ላይ እንደተቀመጠ ፀጥ አለና ፊቱን ደረቷ ውስጥ ቀበረ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እሷም ሳቀች፤ ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ "የለኝም ልጄ፤ የኔ ደርቋል" እያለች ጀርባውን መታ መታ አደረገችው። እንዲህ እንደያዘችው እንቅልፍ ወሰደው።

ከሶዶ ወደ ደቡብ ያለው አስፋልት ቁልቁለት ነው። ብርዱ ከኋላ ይቀራል፤ እንሰቱ እየሳሳ ይሄድና በቆሎ የቆመበት ደረቅ ማሳ ይተካዋል። በግራ በኩል ሩቅ፣ የአባያ ሐይቅ ቀይ ቡናማ ሆኖ ተኝቷል። የጂኦግራፊ መምህር ነኝ፤ ተማሪዎቼን ስምጥ ሸለቆን የማሳያቸው በዚህ መንገድ እያመጣሁ ነው። ልጄን መጀመሪያ ሳሳልፈው ሐይቁን ላሳየው ስንት ጊዜ አስቤ ነበር። በቀኝ ያሉት ኮረብታዎች እኔ ልጅ ሳለሁ ራቁታቸውን ነበሩ፤ አሁን ዛፍ ለብሰዋል። እሱ ተኝቶ አለፋቸው፣ እኔም አልቀሰቀስኩትም።

ተበላ ስንደርስ ሙቀቱ እንደ ምድጃ ፊታችንን ገረፈን። ቅቤ ነጋዴዋ ልጁን ስትመልስልኝ ነቃና እሷንም ይዞ አልለቅም አለ። ሻይ ቤት ገብቼ ሙዝ ገዛሁለት፤ ግማሹን በላ፣ ግማሹን ሸሚዜ ላይ ለወሰው። ከዚያ ባጃጅ እስከ ደረቁ ወንዝ፣ ከወንዙ ወዲያ የአህያ ጋሪ። ጋሪው ላይ ሲንገጫገጭ መሳቅ ጀመረ። በጉዞው ሁሉ የሳቀው እዚያ ብቻ ነው።

እናቴ ደጅ

እናቴ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችን። አማርኛ የምትናገረው ለሐኪምና ለዳኛ ብቻ ስለሆነ የተነጋገርነው ሁሉ በወላይትኛ ነው። ሰላምታውን እንኳ ሳትጨርስ ልጁን ተቀብላ ልብሱን አወለቀች፣ ለብ ባለ ውሃ ከራሱ እስከ እግሩ አጠበችው፣ ቅቤ ቀባችው፣ ገበያ የገዛችለትን አዲስ ሸሚዝ አለበሰችው። የወለቀውን ልብስ በፌስታል ጠቅልላ ሰጠችኝ።

"ይኼን ይዘህ ሂድ። የእናቱ ሽታ አለበት።"

ወተቱ እንዴት እንደሚፈላ፣ ስኒው እንዴት እንደሚታጠብ ሐኪሙ የነገረኝን ላስረዳት ጀመርኩ። ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች እንደሚባለው ሆነ። ስምንት ልጅ ወልዳ ያሳደገች ሴት ዝም ብላ ሰማችኝና "ጨረስክ?" አለችኝ። ከዚያ ስለ ምሕረት ጠየቀችኝ። እብጠቱ ስል አቋረጠችኝ።

"አውቃለሁ። እህቴም በዚሁ ነው የሄደችው።"

ሁለታችንም ወደ ልጁ ዞርን። የበሩን መቃን ይዞ ቆሞ ዶሮ ያያል። በዚያን ጊዜ ገና ይዞ ይቆም ነበር እንጂ አይራመድም።

ሳልሰናበተው እንድወጣ አዘዘችኝ። ዶሮዋን እያሳየች ወደ ጓሮ ስትወስደው እኔ በፊት ለፊት ወጣሁ። ጋሪው ጋ ሳልደርስ ጩኸቱ ደረሰብኝ። ባለጋሪው ወደ ኋላ እያየ "ልመልስህ?" አለኝ። "ንዳው" አልኩት። ፌስታሉን ጭኔ ላይ አስቀምጬ ተበላ ድረስ ቀና ብዬ ሰው አላየሁም።

በመካከል

ቤት ስገባ የምሕረት ጡት ተወጥሮ ነበር፤ እናቷ በጨርቅ አጥብቀው አስረውላታል። አንድም ጥያቄ ሳትጠይቀኝ ፌስታሉን ከእጄ ወሰደች። ፈታ አሸተተችው። ልብሱን ላጥበው ብዬ ሳነሳው "ተው" አለችኝ፤ ከዚያ በኋላ ትራሷ ሥር ነው የኖረው።

ሀዋሳ ሄዳ መድኃኒቱን ጀመረች። እዚያ የምትኖረው እህቷ አስታመመቻት፤ እኔ በትምህርት ቤት ቀናት ሶዶ፣ በዕረፍት ቀናት ሀዋሳ ነበርኩ። ፀጉሯ ሲረግፍ ሻሽ አሰረች። ከሳች። እናቴ ደግሞ ሌላ ሕግ ጨመረች፤ ልጁ የእናቱን ድምፅ በስልክ እንዳይሰማ። ስለዚህ ስንደውል የማወራው እኔ ነኝ፤ ምሕረት አጠገቤ ሆና አፏን በእጇ ይዛ ታዳምጣለች። ናሆም ሲስቅ ትሰማለች፣ ሲያለቅስ ትሰማለች። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚበዛው ለቅሶው ነበር፤ ከዚያ ለቅሶው ቀረ። የቀረ ዕለት የተደሰተች መስሎኝ ዞር ብዬ ባያት ዓይኗ እንባ ሞልቷል።

አንድ ቀን በስልኩ ውስጥ ጭብጨባና ጫጫታ ሰማን። "ተራመደ! ከምሰሶው እስከ በሩ ሄደ!" አለች እናቴ። ምሕረት ጆሮዬ ሥር ተጠግታ "ጫማ አድርጎ ነው ወይስ በባዶ እግሩ? ጠይቃት" ብላ አንሾካሾከችልኝ። ጠየቅሁ። በባዶ እግሩ ነበር።

ሁለተኛው ጉዞ

የመጀመሪያው ዙር መድኃኒት አልቆ ሐኪሙ ዕረፍት ሲሰጣት፣ በግንቦት፣ ልጁን ላመጣ ወረድኩ። ዝናብ ዘግይቶም ቢሆን ጥሎ ሁምቦ አረንጓዴ ሆኖ ነበር፤ በቆሎው ጉልበት ደርሷል። በየካቲት ደርቆ የነበረውን ወንዝ ጋሪው ሲሻገር ውሃ ረገጠ።

ናሆም ግቢው መሃል ቆሟል። ወፍሯል፣ ጠቁሯል፣ ፊት ለፊት ሁለት ጥርስ ጨምሯል። "ናሆሜ" አልኩና ተንበረከክሁ። ትክ ብሎ አየኝ። ዞሮ እየተንገዳገደ ቤት ገባ። ፈርቶኝ ነው ብዬ ልነሳ ስል ተመልሶ መጣ፤ በእጁ የተቀቀለ ስኳር ድንች ይዟል፣ ግማሹን ገምጦታል። ፊቴ ቆሞ ዘረጋልኝ። ተቀብዬው በደስታ ጎረስኩ።

እናቴ በሩ ላይ ቆማ ትስቃለች።

"እንግዳ አደረገህ!"

"እንዴት?"

"እኔ ነኝ ያስተማርኩት። ደጅ ለመጣ ሰው የያዘውን ይሰጣል፤ ጎረቤት ሁሉ እየመጣ ይመርቀዋል። ለኛ ለቤቱ ሰዎች ግን ቅንጣት አይሰጥም። እንዲያውም ከእጃችን ነጥቆ ነው የሚበላው።"

ይህን ብላ ሳትጨርስ የያዘችውን ቆሎ አየና "አዬ! አዬ!" እያለ ሮጦ መዳፏን ፈልቅቆ ዘገነ። አዬ በወላይትኛ እናቴ ማለት ነው። እኔም እናቴን የምጠራት በዚሁ ነው፤ ስለዚህ በማን ልቆጣ?

ስንለያይ እናቴ እንደዚያ ቀን አልሸሸገችውም፤ ራሷ ጋሪው ላይ አስቀመጠችው፣ ለመንገድ ስኳር ድንች አስያዘችው፣ ከዚያ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ወደ ቤት ገባች። በዚህኛው ጉዞ ያለቀሰው ለእሷ ነው። አዬ፣ አዬ እያለ ተበላ ደረስን። ሐይቁ የሚታይበት ቦታ ስናልፍ ነቅቶ ነበር፤ አሳየሁት። ለሐይቁም ስኳር ድንቹን ዘረጋለት።

ቤት

ምሕረት ከጠዋት ጀምሮ ደጅ ስትጠብቅ ነው የዋለችው። አዲስ ቀሚስ ለብሳ፣ ሻሿን አስተካክላ፣ እንዳታስደነግጠው ብላ አጭር በርጩማ ላይ ዝቅ ብላ ተቀምጣለች። እናቷ ከኋላዋ ቆመዋል። ራቅ ብዬ አወረድኩት፤ ሲራመድ ትየው ብዬ።

አየችው። አፏን በእጇ ይዛ፣ ስልኩ ላይ ሳለች እንደምታደርገው፣ ከበሩ ጀምሮ እያንዳንዷን እርምጃ አየች። ናሆም ፊቷ ደርሶ ቆመ። ሻሿን አየ፣ ፊቷን አየ፣ ደረቷን አልተመለከተም። ከዚያ እጁን ዘርግቶ የላሰውን ስኳር ድንች ሰጣት።

"አየኸው?" አለችኝ፤ እያለቀሰች ትስቃለች። "አወቀኝ! ከአፉ አውጥቶ ሰጠኝ! እማዬ፣ አየሽው?"

አማቴ እልል አሉ። ምሕረት ስኳር ድንቹን ቆርሳ ጎረሰችና አቀፈችው። እሱም ዝም ብሎ ታቀፈላት፤ በጎረቤቶች እንደሚታቀፈው፣ አንገቱን ወደ በሩ አዙሮ።

"አየሁ" አልኩ።

እናቴ ስለ መስጠቱና ስለ መንጠቁ የነገረችኝን ለማንም አልተናገርኩም፤ ሆድ ይፍጀው። ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ቢኖር ልጅ አንድ ነገር በለመደ ቁጥር ሌላውን እየለቀቀ መሆኑን ነው፤ እኛ ደግሞ የለመደውን እያየን እናጨበጭባለን። የሀዋሳው ቀጠሮ እየደረሰ ነው። ምሕረት ምግብ ባይበላላትም ማዕድ ሲቀርብ ናሆምን አጠገቧ አስቀምጠዋለሁ፤ ቁራሽ ታነሳለች፣ እኔ የልጁን እጅ አያለሁ። እስካሁን ያለውን ሁሉ ይሰጣታል። ከእጇ የሚነጥቃትን ቀን እየጠበቅሁ ነው።