አባባ ይማም የመለሱት ፈረስ

በልጅነቴ የተረት ሰዓታችን ምሽት ላይ፣ በመግሪብና በኢሻ ሶላት መካከል ያለችው አጭር ጊዜ ነበረች። ያኔ ቤታችን ኮምቦልቻ ነበር። አባቴ ጋሪ ይነዳ ነበር፤ ከእሱ በፊት ደግሞ አያቴ አባባ ይማም እዚያው ከተማ ጋሪ ሲነዱ ኖረው፣ ጉልበታቸው ሲደክም ሥራውን ለልጃቸው አስረክበዋል። አባባ ሰግደው ሲጨርሱ ከከሰሉ ምድጃ አጠገብ መደቡ ላይ ይቀመጣሉ፣ እናቴ ፋኖሱን አብርታ መስኮቱ ላይ ታኖረዋለች፣ እኔና ታናሽ እህቴም እግራቸው ሥር ኩርምት እንላለን። ከግድግዳው ወዲያ፣ በቆርቆሮ ከተጋረደው ጋጣ፣ ዳማ የሚባለው ፈረሳችን ገለባውን ሲያኝክ ይሰማን ነበር።

ትምህርት ቤት በምንሰማው ተረት ቀበሮዋ ታታልላለች፣ አንበሳው ይፈርዳል፣ አህያው ሳይቀር ምክር ይሰጣል። በአባባ ተረት ውስጥ ግን እንስሳ ተናግሮ አያውቅም። ፈረሱ ፈረስ ነው፤ ይደክመዋል፣ ይጠማዋል፣ ዝም ይላል። አንድ ቀን ይህ አናዶኝ፣ «አባባ፣ የእርስዎ እንስሶች ለምንድን ነው የማያወሩት?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ቢያወሩማ ማንም ይሰማቸው ነበር፣ ፋጤ» አሉኝ። ያኔ መልስ አልመሰለኝም።

ሁለተኛ ክፍል በጨረስኩበት ክረምት ዳማ ጭቃ አዳልጦት የፊት እግሩ ተጎዳ። አባቴ በጨው ውሃ አጠበለት፣ በጨርቅ አሰረለት፣ ሁለት ሳምንት ጠበቀው፤ ፈረሱ ግን ማነከሱን አልተወም። ጀርባው ላይ የነበረው ገጣባም አመረቀዘ። ያኔ መሥራት ያቃተው የጋሪ ፈረስ ምን እንደሚሆን ማንም ያውቃል፤ አስፋልት ዳር ተወስዶ ይለቀቃል፣ ከዚያ በኋላ ያለው የጅብ ሥራ ነው። ይህን የሚያደርጉት ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ጁምዓ የማያመልጣቸው፣ ለልጆቻቸው የሚለፉ ጎረቤቶቻችን ነበሩ።

አንድ ምሽት አባቴ እራቱን እየበላ፣ ለማንም እንደማይናገር ሰው፣ «ነገ ጠዋት ዳማን ከከተማ አውጥቼ ወደ ደጋን መንገድ እወስደዋለሁ» አለ። አባባ ፍሙን ገለጥ ገለጥ አደረጉና ተረታቸውን ጀመሩ።

«አንድ ሰውዬ ነበር። ዘጠኝ ዓመት ያገለገለው ፈረስ ነበረው። ፈረሱ አርጅቶ መጎተት ሲያቅተው ከከተማ አውጥቶ ለቀቀው። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ለሱብሂ ሲነሳ ፈረሱ ደጁ ላይ ቆሟል። ቆሞ ብቻ አይደለም፤ እንዲጠመድ ብሎ ጀርባውን ለጋሪው ሰጥቷል።»

«ከዚያስ?» አልኩ።

«ከዚያማ ዳግመኛ ወሰደው። ራቅ አድርጎ። እንዳይመለስም ዛፍ ላይ አሰረው።»

እህቴ ማልቀስ ጀመረች። እኔ ሰውዬው ቅጣቱን እስኪያገኝ ጠበቅሁ፤ የማውቀው ተረት ሁሉ እንደዚያ ነበር የሚያልቀው። «ሰውዬውስ ምን ሆነ?» አልኳቸው።

«ምንም አልሆነ። አገባ፣ ወለደ፣ አረጀ። ይኸው የልጅ ልጆቹን ተረት ያጫውታል።»

አባቴ ከገበታው ቀና አለ። «ታዲያ ምን ላድርግ አባባ? ለማይሠራ ፈረስ ገለባ ከየት ላምጣ?» ድምፁ ውስጥ ድካም እንጂ ቁጣ አልነበረም።

«ከየት እንደምታመጣ አላውቅም» አሉት። «እኔ የማውቀው ያንን ፈረስ ያሰርኩበትን እጄን ነው።» ወዲያው የኢሻ አዛን ተሰማ፤ ለውዱእ ውሃ ፈልገው ተነሡ።

ጠዋት ስንነቃ ጋጣው ባዶ ነበር። አባባ ከዘራቸውን ይዘው ወጡ። ለቀትሩ የዙሁር ሶላት አልተመለሱም። ከሰዓት በኋላ አሱር ሲቃረብ፣ ዝናብ የመታቸው ሁለት አንካሶች በሰፈራችን ኮረኮንች ቀስ ብለው መጡ፤ ሽማግሌው ፈረሱን ይዘው፣ ፈረሱም የሽማግሌውን እርምጃ እየጠበቀ። የጎረቤት ልጆች ሳቁ። አባቴ በር ላይ ቆሞ ነበር። ተቀበላቸውና ዳማን ወደ ጋጣው አስገባው።

ዳማ ከዚያ በኋላ ሰባት ወር ኖረ፤ ጋሪ ግን አልጎተተም። አባቴ ሌላ ፈረስ እስኪያገኝ ወፍጮ ቤት ጆንያ ተሸከመ፤ እኛም ሳንጠግብ የተኛንባቸው ቀኖች ነበሩ። የአባባ ርኅራኄ የአባቴን ትከሻ ልጦታል፤ ይህን ደብቄ ባልፈው ደስ አይለኝም።

አባባ ካረፉ ከዓመታት በኋላ፣ ባጃጅ ከተማውን ሲሞላው፣ አባቴ በዳማ ምትክ ያገኘውን ፈረስ ሊሸጥ ወሰነ። ገዢው የመጣ ቀን እኔም ከምማርበት ከደሴ ወደ ቤት መጥቼ ነበር። ሰውዬው የፈረሱን ጥርስ አየ፣ እግሩን ዳበሰ። አባቴ፣ «ሲያረጅብህ ምን ታደርገዋለህ?» ብሎ ጠየቀው።

ሰውዬው ቀልድ መስሎት ሳቀ። «ምን አደርገዋለሁ? ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው ነዋ!»

«እንግዲያው ወላሂ አልሸጥልህም» አለና አባቴ ፈረሱን ይዞ ወደ ግቢ ተመለሰ። የአባባን ስም አላነሳም፤ እኔም አልጠየቅሁትም።

ዛሬ የምኖረው ደሴ፣ ከፒያሳ ብዙም ሳይርቅ፣ በኪራይ ቤት ነው። ከእነዚያ ምሽቶች ተረቶች አብዛኞቹን ረስቻለሁ። አልፎ አልፎ ግን አስፋልት መሐል፣ መኪና ግራና ቀኝ እያለፈው፣ ባለቤት የሌለው ፈረስ ቆሞ አያለሁ። ሌላው ሰው ሳያየው ሲያልፍ እኔ አየዋለሁ። አንድ ሁለት ጊዜ ውሃ በባልዲ አውጥቼ ሰጥቻለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ግን ታክሲዬ እንዳያመልጠኝ ፈጥኜ አልፌዋለሁ።