ብረት የሌለበት ፎቶ

ከዚህ በፊት ምንም ነገር ጽፌ አላውቅም። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ ሰው ፊት ለመናገርም አፍራለሁ። ይህን ግን ለማንም አውርቼ ስላልወጣልኝ እጽፈዋለሁ።

ደቡብ አፍሪካ፣ ጆበርግ የመጣሁት ተድሬ ነው። ባለቤቴ ሎኬሽን በሚሉት የጥቁሮች ሰፈር ውስጥ ትንሽ ሱቅ አለችው። ሌባ እንዳይገባ ከዳር እስከ ዳር በብረት ፍርግርግ ታጥራለች፤ ከደንበኛ ጋር የምንቀባበለው በቀዳዳ ነው። ለእናቴ የምልክላት ፎቶ ሁሉ እዚያው የተነሳሁት ስለሆነ፣ ሆሳዕና ያሉ ጎረቤቶቿ ልጅሽ እስር ቤት ናት አሏት። አመነቻቸው። አልታሰርኩም ብዬ ብዬ ደከመኝ።

ባለቤቴ በመጨረሻ ኬፕታውን አጠገብ ወዳለው የወይን አገር ወስጄ አነሳሻለሁ አለ። ድሮ ከአውሮፓ የመጡ ሰዎች የተከሉት ነው፣ ቤቱም ተራራውም አውሮፓን ይመስላል አለኝ። ጀፕ ከሚባለው የሐበሾች ገበያ ነጭ ቀሚስ ገዛሁ። አርብ ንጋት ላይ የኮሮናው ሰዓት እላፊ እንዳበቃ ተነስተን ቀኑን ሙሉ በመኪናው ተጓዝን።

ቅዳሜ ጠዋት የመንገዱ ግራና ቀኝ ወይን ሆነ። አጥር እንኳ የለውም። ጥቁር ዘለላው ተንጠልጥሏል፣ ከኋላው ነጫጭ ቤቶችና ሰማያዊ ተራራ ይታያሉ። እዚህ አቁም ልለው ፈለግሁ። እሱ ግን ሱቁን ከሚጠብቅልን ዘመዱ ጋር ስለ ዳቦ በስልክ ይጨቃጨቃል። እስኪጨርስ ጠበቅሁ። እሱ ሳይጨርስ ወይኑ አለቀና አንድ ትልቅ እርሻ በር ላይ ደረስን።

በሩ ተቆልፏል። ዘበኛው በኮሮና ምክንያት መጠጥ መሸጥ ስለተከለከለ እንግዳ አናስገባም አለ። ባለቤቴ እኛ ጴንጤ ነን፣ አንጠጣም፣ ቅጠሉን ብቻ አይተን እንሄዳለን ብሎ ለመነው። ሰውየው ሳቀ እንጂ አልከፈተም።

“መንገድ ላይ ወዳየነው እንመለስ” አልኩ። ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝም።

“እዚሁ ቁሚ፤ ከኋላሽ ይታያል” አለኝ። ዘበኛው እያየን ስለነበር ማስኬን አላወለቅሁም። አነሳኝና እኔ ሳላየው ለእናቴ ወደሚያሳያት ወንድሜ ስልክ ላከው።

እሁድ ስንመለስ ወይኑን እንደገና በመስኮት አየሁት። እሱ አሁንም ስልክ ላይ ነበር፤ እኔም አሁንም ዝም አልኩ።

ሰኞ ሱቅ ውስጥ ሆኜ ፎቶውን ከፈትኩት። ከኋላዬ የሚታየው የበሩ ብረት ነው። ከጎኔ የደንብ ልብስ የለበሰ ዘበኛ ቆሟል። ወዲያው እናቴ ደወለች። ሽርሽር ሄጄ ወይን እርሻ በር ላይ የተነሳሁት ነው ብዬ ነገርኳት። እሷ ግን እንዲህ አለችኝ፦

“አታታልይኝ ልጄ። ስንት ዓመት ነው የፈረዱብሽ?”