መብራህቱ ያስተካከለው ፔዳል

መብራህቱ የተበላሸ ነገር አይቶ ማለፍ አይችልም። ሰው ቤት ምሳ ተጠርቶ ሲሄድ እንኳ ገና ሳይቀመጥ ዓይኑ የሚንቋቋው ፋን ላይ ያርፋል፤ ምግቡ እስኪቀርብ ፈታቶት ይጠብቃል። አስመራ ተወልዶ፣ በአማርኛ ተምሮ፣ ወጣትነቱን ሙሉ አዲስ አበባ ሬዲዮ ሲጠግን ነው ያሳለፈው። ኮሎራዶ ከመጣን ወዲህ ሁለታችንም የሆቴል ሸትል እንነዳለን፤ እንግዳ ከዴንቨር ኤርፖርት፣ ከኤርፖርት ዴንቨር እናመላልሳለን። ኦሮራ፣ ኮልፋክስ ጎዳና አጠገብ ያለው የመብራህቱ ቤት ጋራዥ ግን ዛሬም የሬዲዮ ቤት ነው። መኪናው ውጭ በረዶ ይወርድባታል፣ አሮጌ ሬዲዮኖቹ ውስጥ ተደላድለው ይኖራሉ።

እኔ እቀልድበታለሁ። "አንተ ሰውዬ፣ ገነት ብትገባ የመላእክቱን በገና ልቃኝ ሳትል አትቀርም" እለዋለሁ። ይስቃል። ይኼ አመሉ ግን በኋላ ጉድ ሠራው።

ሴት ልጁ ወጋሕታ ጊታር ትጫወታለች። ጊታር ስላችሁ ለስላሳ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ሔቪ ሜታል ነው። ለኔ ጆሮ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ድንጋይ ሲወርድ ማለት ነው። ከእሷ ጋር ቅዱስ የሚባል ልጅ ይጫወት ነበር። ቶርንተን የሚኖሩት፣ በቤተ ክርስቲያን የምናውቃቸው የወይዘሮ አፀደ አንድ ልጅ ነው። ሁለቱ ከሕፃንነታቸው ጀምሮ አይለያዩም ነበር። ቅዱስ ባለፈው ዓመት በብርዱ ወራት መኪናው በረዶ ላይ ተንሸራትታ ሞተ። ነፍሱን ይማረው፤ እኛም እናቱን ማየት ከብዶን ከረምን።

ከሙት ዓመቱ በኋላ ወይዘሮ አፀደ ከልጃቸው ዕቃ መሀል አንዲት የብረት ሳጥን አንስተው ለወጋሕታ ሰጧት። ቅዱስ በእጁ የሠራት ፔዳል ናት። በጊታሩና ድምፁን በሚያጎላው አምፕሊፋየር መካከል ትገባለች፤ በእግር ሲረግጧት ንጹሑን ድምፅ አሻክራ፣ አጉረምርማ ታወጣዋለች። ቅዱስ ገና ክሩን ሲነካ "እሱ ነው" የሚባለው በዚያች ድምፅ ነበር። አብረው የጀመሩት አንድ ዘፈን ሳይቀዳ ስለቀረ፣ ወጋሕታ በዚያችው ፔዳል ልትጨርሰው አሰበች።

አንድ ቀን እሷ ሥራ እያለች መብራህቱ ፔዳሏን ከፈታት። በቅንነት ነው፣ እኔ እመሰክርለታለሁ። ውስጧን ቢያይ ብየዳው ተዝረክርኳል፣ ሽቦው በፕላስተር ተጠቅልሏል፣ ትራንዚስተር የምትባለዋ ድምፅ አጉሊ ደግሞ አርጅታ ኤሌክትሪክ ታፈሳለች። አንጀቱ አልቻለም። ብየዳውን አደሰ፣ በሽተኛዋን ትራንዚስተር አውጥቶ አዲስ ተካ፣ አሮጌውን ጠርጎ ጣለ። የቆሻሻ መኪናም በማግስቱ ጭኖት ሄደ። ኩል እኳላለሁ ብላ ዓይኗን አጠፋች የሚባለው እንዲህ ያለውን ነው።

ወጋሕታ ፔዳሏን ስትረግጣት ጥርት ያለ ጩኸት ወጣ። ደህና ድምፅ ነው፤ የቅዱስ ግን አይደለም።

"ባባ፣ ነክተሃታል እንዴ?"

"ፊክስ አደረግኳት እኮ! ውስጧ ተበላሽቶ ነበር።"

"ኢት ዋዝንት ብሮክን፤ አልተበላሸችም ነበር" አለች። ቀጥላም ቀስ ብላ፣ "ባባ፣ እሱ እኮ እንደዚያ ነበር" አለችው።

ጮሃ ብትቆጣው በተሻለው። እሷ ግን ጊታሯን ሳጥን ውስጥ ከተተች። እራት ታቀርብለታለች፣ ደህና እደር ትለዋለች፣ ከዚያ ያለፈ ቃል የላትም። ሰውየው በሳምንቱ ከሳ። ኤርፖርት ተራ ስንጠብቅ ቅዱስ ድሮ ሲጫወት የተቀዳ ቅጂ በስልኩ እየከፈተ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። እንዲህ ያለውን የሻከረ ድምፅ ዕድሜውን ሙሉ ከሬዲዮ ውስጥ ሲያስወግድ የኖረ ሰው ነው።

"እኔ አጠፋሁት፣ እኔው እመልሰዋለሁ" አለኝ።

ከአሮጌ ዕቃ መሸጫ ያረጁ ሬዲዮኖች እየገዛ፣ ትራንዚስተር እየነቀለ፣ ፔዳል በፔዳል ላይ መሥራት ያዘ። አንዱን ጨርሶ ይሞክራል፣ ከቅጂው ጋር ያስተያያል፣ ራሱን ነቅንቆ ወደ ሌላው ያልፋል። ከዚያች ቀን ወዲህ ደግሞ ምንም ነገር መጣል ፈራ፤ አልረባ ያለውን ትራንዚስተር ሁሉ ባዶ የቲማቲም ጣሳ ውስጥ ያጠራቅማል። እውነቱን ልናገር፣ ለኔ ሁሉም ያው ጩኸት ነበር።

ቢቸግረው ወይዘሮ አፀደ ዘንድ ሄዶ ሊነግራቸው ቆረጠ፤ እኔም አብሬው ሄድኩ። ጥቁራቸውን ገና አላወለቁም። ቤታቸው ውስጥ ቴሌቪዥን እንኳ አይከፈትም። መብራህቱ አቀርቅሮ አንድም ሳያስቀር ተናገረ። እኔ መግቢያ አጣሁ።

ወይዘሮ አፀደም፣ "ክፉ አስበው አላደረጉትም፣ አቶ መብራህቱ" አሉ። "የሠሩትን ይዘው ይምጡና እዚህ ያሰሙኝ። ጋራዥ ውስጥ ሆነው በምን ይለዩታል? እኔ ስንት ዓመት ከመኝታ ቤቴ ሆኜ በግድግዳ ነው የሰማሁት።"

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወጋሕታንም አምፕሊፋየሩንም በኔ ቫን ጭነን ቶርንተን ሄድን። ልጅቷ ጊታሯን አቅፋ ኋላ ተቀመጠች። የቅዱስ ክፍል ገብተን ሁሉን ሰካካን፤ ወይዘሮ አፀደ ቀጥሎ ያለው መኝታ ቤታቸው ገብተው በሩን ዘጉ። ወጋሕታ ተጫወተች። ትንሽ ቆይተው ብቅ አሉ።

"አይደለም" አሉ። "ይኼ ጤነኛ ነው። የልጄ ድምፅ ጉሮሮውን እንዳመመው ሰው ነበር፤ ታንቆ ሊቆም ነው ስል እንደገና የሚነሳ።"

መብራህቱ ግንባሩን በመዳፉ መታ። ሬዲዮ ጠጋኝ ትራንዚስተር ሲመርጥ ይለካል፣ ደህናውን ያስቀራል፣ የሚያፈሰውን ይጥላል። እጁ የለመደው ይኼንን ነው። ለካስ የቅዱስን በሽተኛ ድምፅ ፍለጋም ከየሬዲዮው ጤነኛ ጤነኛውን ሲመርጥ ኖሯል! አመል ያወጣል ከመሐል ይሏችኋል ይኼ ነው።

በሳምንቱ መሀል ጋራዡ ጎራ ስል የቲማቲሙ ጣሳ ጠረጴዛው ላይ ተገልብጧል። ወጋሕታ ጊታሯን ይዛ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች፣ አባቷ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አድርጎ ይበይዳል።

"ዎርስ፣ ባባ፣ ዎርስ! የባሰ የለህም?"

"ከዚህ የባሰ? ኧረ በሕግ አምላክ፣ ሰው ቢያይ ምን ይለኛል!" ይላል፤ ግን ፊቱ በርቷል። ልጁ እያናገረችው ነዋ። እኔም ደስ ብሎኝ፣ ጆሮዬን ይዤ ተቀመጥኩ።

በቀጣዩ እሑድ ተመልሰን ሄድን። ወይዘሮ አፀደ እንደ በፊቱ ገብተው በራቸውን ዘጉ። ወጋሕታ አዲሷን ፔዳል ረገጠችና ያንን ያላለቀ ዘፈን ጀመረች። ድምፁ ተንኮሻኮሸ፣ ታነቀ፣ አለቀለት ስንል ጉሮሮውን ጠርጎ ተነሳ። መብራህቱ ወለል ወለሉን ያያል።

በድንገት ግድግዳው በቡጢ ተደበደበ።

"ቅዱስ! ኧረ ቀንሰው አንተ ልጅ! ጎረቤት አለ!"

የወጋሕታ እጅ ክሩ ላይ ደርቆ ቀረ። ወይዘሮ አፀደ ከአፋቸው የወጣውን ስም ራሳቸው የሰሙት፣ ይመስለኛል፣ ከኛ እኩል ነው። መብራህቱ ሄዶ በሩን ሊያንኳኳ ብድግ ሲል ድምፃቸው መጣ፤ እያለቀሱ ነው።

"አታቁሚ፣ ልጄ። ጨምሪው።"

ወጋሕታም እንባዋን በክንዷ ጠረገችና ጨመረችው።