ድንችና ጎመን በጀርመኗ ቤት

ከአዲ አርቃይ ተነስተን፣ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ወጥተን ጎንደር የገባነው ከሰዓት በኋላ ነበር። ሦስት ነን። እኔና የሥራ ጓደኛዬ የፈንጣጣ ክትባት የምንሰጥ ድሬሰሮች ነን፤ ሦስተኛው ማኪናዋን የሚነዱት የአምባ ጊዮርጊስ ሰው ናቸው። በዕድሜ ስለሚበልጡን «አያ» እንላቸዋለን። ጓደኛዬ የጎንደሩ የአዲስ ዓለም ሠፈር ሙስሊም ነው፤ አባቱ ሸማ ይነግዳሉ።

ቆላውን ስንዞር ሰው ከመርፌው ይሸሽ ነበርና ለምነን ለምነን ድምፃችን ተዘግቷል። ይህስ የለመድነው ነው። በመጨረሻዋ መንደር ግን በሽታው ቀድሞን ደርሶ ጠበቀን። የክትባቱን ሣጥን ሳንከፍት አካፋ አነሳን፤ የተረፉት ሰዎች መቃብር ለመቆፈር እንኳ አቅም አልነበራቸውም። ከዚያ ወዲያ ድብ ባሕር ላይ ውሃ ለመጠጣት ከመቆማችን በቀር በመንገዱ ሁሉ የትም አላረፍንም።

ፒያሳ ስንደርስ ጓደኛዬ፣ «አያ፣ እስቲ ያቁሟት» አለ።

«ምነው?»

«እንዲህ ሆኜ እናቴ ፊት አልቀርብም። ገና ስታየኝ ታውቃለች። አንድ ቦታ ትንሽ እንቀመጥ።»

የት እንደምንቀመጥ ግን ጨነቀን። የክርስቲያን ምግብ ቤት ብንገባ ሥጋውን እሱ አይበላም፤ የሙስሊም ቤት ብንገባ እኛ አንበላም። በሥራ ላይም ቢሆን ሁልጊዜ የየራሳችንን ነበር የምንበላው። አያ መሪውን ይዘው ጥቂት አሰቡና፣ «የጀርመኖቹ ቤት አለ። ባልየው ማኪና ሲያበጅልኝ ነው የማውቀው። ሚስቲቱ ምግብ ትሸጣለች» አሉ።

ቤቱ ጣሊያን ትቶት የሄደው ባለ ሰፊ መስኮት ቤት ነው። ጠረጴዛዎቹ ነጭ ጨርቅ ለብሰዋል፤ አንድም ተመጋቢ የለም። አቧራችንን በር ላይ አራግፈን፣ እጃችንን ታጥበን ተቀመጥን። ሴትዮዋ እጅጌዋን እንደሰበሰበች ከወጥ ቤት ብቅ አለች። ትልቅ ሴት ናት፤ ፀጉሯ ሸብቷል። አማርኛዋን ከገበያ የለቀመችው ስለሆነ ወንዱንና ሴቱን አትለይም።

«አንቺ መጣሽ!» አለቻቸው አያን።

ሌላ ቀን ቢሆን እንስቅ ነበር። አያ ግን ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «መጣሁ እመቤት። ባልሽ ደኅና ነው?» አሏት።

«ተኝቷል። ልቡ ደክሟል» ብላ ደረቷን ነካች።

ምን እንደምንፈልግ ሳትጠይቀን ገብታ አንድ ሰፊ ሳህን ይዛ ተመለሰች። አንጀት ውስጥ የተጠቀጠቀ፣ ተጠብሶ የሚያብለጨልጭ ሥጋ ነበር። ጓደኛዬ፣ «የምን ሥጋ ነው?» አላት። ቃሉን ፈልጋ ፈልጋ ስታጣው የአፍንጫዋን ጫፍ በጣቷ ወደ ላይ ገፍታ አንኮራፋች። አያ አማተቡ። ጓደኛዬ ወንበሩን ወደ ኋላ ሳበ።

የሴትዮዋ ፊት ቀላ። አንድ በአንድ እያየችን፣ «አንተ አይበላም? አንቺም አይበላም?» አለች።

«ሦስታችንም አንበላም» አልኳት። እኔና ጓደኛዬ በሥጋ ነገር ስንስማማ ያ የመጀመሪያው ነበር።

ትቆጣለች ብዬ ስጠብቅ ባዶ ወንበር ስባ ተቀመጠች። በሽተኛ ስታስታምም የከረመች ሰው ናት፤ እሷም እንደኛው ዝላለች። ቆየት ብላ ሳህኑን አነሳችና በቦታው በሽንኩርት የተጠበሰ ድንችና ጥቅል ጎመን አመጣችልን። ጓደኛዬ እያፈረ፣ «ይቅርታ፣ በምን ጠበስሽው?» አላት። ሄዳ የዘይቱን ጠርሙስ አመጣች። አሽትቶ፣ «የኑግ ነው» አለንና እፎይ አለ።

ለየብቻችን ሳህንና ሹካ ሰጥታን ነበር። አያ ያንን ሁሉ ወደ ጎን ገፋ አድርገው ከትልቁ ሳህን በእጃቸው ጀመሩ፤ እኛም ተከተልናቸው። ጎመኑ ይኮመጥጣል።

«ተበላሽቶ ነው እንዴ?» አሉ አያ።

«አይደለም፣ አሠራሩ ነው» አልኳቸው።

«ለነገሩ ሸጋ ነው» ብለው ደግመው ጎረሱ። ብዙም ሳይቆዩ ድንቹን በእጃቸው እንደያዙ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ሴትዮዋ ኮቴዋን አጥፍታ መጥታ ሹራቧን ትከሻቸው ላይ ጣል አደረገችላቸው።

ጓደኛዬ እሳቸውን ሲያይ ቆይቶ፣ «እኔ ከእንግዲህ አልሄድም» አለኝ። «አባቴ ሱቅ እቀመጣለሁ። ሸማ እለካለሁ። ሸማ አይሞትም።»

ሳይከተቡ የቀሩትን መንደሮች ላነሳበት አስቤ ነበር፤ ግን ተውኩት። «እሺ» ብቻ አልኩት።

«አትቆጣኝም?»

«አቅሙ የለኝም።»

ሳቅ አለ። ሳቁ ሳያልቅ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ አለቀሰ። ሴትዮዋ ሰምታ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆመች። አንድ ማሰሮ ውሃ ሞልታ አጠገቡ አስቀመጠችና ተመለሰች። አያ እስኪነቁ ድረስ እዚያው ተቀመጥን።

እሱ እንዳለውም ሥራውን ለቀቀ። እኔና አያ ሌላ ድሬሰር ተሰጥቶን ወደ ወገራ ወጣን። ጀርመኑ ክረምቱን አልዘለቀም፤ ሴትዮዋም ቤቱን ዘግታ ወደ አገሯ መሄዷን ሰማን።

ከመንገድ በተመለስኩ ቁጥር ጓደኛዬ ሱቅ ጎራ እላለሁ። ወንበር ያቀብለኛል። ጫማዬን አውልቄ እግሬን እዘረጋለሁ፤ ገበያተኛ እስኪመጣ እሱም አጠገቤ ይቀመጣል።