ሰባት ዙር ወይስ ስድስት

በደርግ ጊዜ ደሴ ላይ ለአንድ የእህል መጋዘን የጭነት መኪና እነዳ ነበር። ቤቴ መካነ ሰላም ነው፤ ባለቤቴም ልጆቼም እዚያ ነበሩ። ከደሴ ስጭን አንዳንዴ በአቀስታ አድርጌ ወደ አገሬ፣ አንዳንዴ ደግሞ በኩታበር ወርጄ በሽሎን ተሻግሬ ወደ አጅባር እሄዳለሁ። መኪናው ቱርቦ ያለው ናፍጣ ነው። ጠባዩን ስለማውቀው ድምፁን ሰምቼ ማርሽ እቀይራለሁ እንጂ መለኪያ አላይም ነበር።

አንድ ዓመት ክረምቱ እንደወጣ ጎማዎቹ ተበልተው ክራቸው ታየ። በልካቸው ጎማ ከየትም ጠፋ። የመጋዘኑ ኃላፊ ለሌላ ዓይነት መኪና የመጡ ትልልቅ ጎማዎች አገኘና፣ "ይገባሉ፤ አስገጥመህ ሂድ" አለኝ። ገቡም። መኪናው ከፍ ብሎ ሲቆም ደስ አለኝ፤ የለጋምቦ ጭቃና ድንጋይ ከእንግዲህ ሆዱን አይነካውም ብዬ።

ደስታዬ በሽሎ እስክደርስ ነበር። ስንዴ ጭኜ ቁልቁል ስወርድ መኪናው አልያዝ አለኝ። በፊት ማርሽ ካሳነስኩ ሞተሩ ራሱ ይገታው ነበር። አሁን ግን ትልቁ ጎማ በአንድ ዙር ብዙ መንገድ ስለሚሄድ ሞተሩ ቀስ እያለ መኪናው ይሮጣል። ፍሬን ላይ ቆሜ ወረድኩ፤ ወንዙ ዳር ስደርስ ፍሬኑ ይጨስ ነበር።

ዳገቱ ደግሞ ባሰ። ቱርቦው አየር ነፍቶ ጉልበት የሚሰጠው ሞተሩ በደንብ ሲዞር ነው፤ ጎማው ከብዶት እንዴት ይዙር? በአንደኛ ማርሽ እያቃሰተ ሄዶ ሄዶ መታጠፊያው ላይ ሞተሩ ጠፋ። ጭነቱ ላይ ተሳፍረው የነበሩ ሰዎች ዘለው ወርደው ከጎማው ሥር ድንጋይ ወተፉ።

ካቢና ውስጥ አጠገቤ አንድ አዛውንት ቄስ ተቀምጠው ነበር። "ልጄ፣ ታመመ እንዴ?" አሉኝ።

"አልታመመም አባ፤ ከበደው።"

"እንግዲያስ እኛም እናቅልለት" ብለው ጥላቸውን ይዘው ወረዱ። ግማሹን ስንዴ አራግፈን፣ ጠባቂ ትተን፣ ተመላልሼ አጅባር አስገባሁት። ያን ቀን እራት አልበላልህ አለኝ።

ደሴ እንደተመለስኩ ወደ መካኒኩ ሄድኩ። በዕድሜ የሚበልጡኝ፣ ረጋ ያሉ የደሴ ሰው ነበሩ። የሆነውን ስነግራቸው፣ "ወላሂ፣ አላህ ነው ያተረፈህ" አሉ። "ጎማውን ማሳነስ ካልቻልን የዲፈረንሻሉን ጥርስ መቀየር ነው።"

ከሞተሩ የሚመጣው ዘንግ ስንት ጊዜ ዞሮ ጎማውን አንዴ እንደሚያዞረው የሚወስኑት በኋላ ጎማዎቹ መሃል ባለው ዲፈረንሻል ውስጥ ያሉት ሁለት ጥርሶች፣ ማለትም ጥርሳም መዘውሮች ናቸው። የኋላውን በክሪክ አንስተን፣ ጎማው ላይ በጠመኔ ምልክት አድርገን፣ ዘንጉን በእጃችን እያዞርን ቆጠርን። አምስት ተኩል ገደማ ሆነ። ከተሰበሩ መኪናዎች የተረፉ ሁለት ጥንድ ጥርሶች ነበሯቸው፤ አንዱ ስድስት ዙር፣ ሌላው ሰባት ግድም።

"ስድስቱ የድሮ መኪናህን ይመልስልሃል፤ ጎማው የወሰደብህን ብቻ ነው የሚሰጥህ" አሉ። "ሰባቱ ከድሮውም ያበረታዋል፤ ቁልቁለትም ላይ ይይዝልሃል። ሜዳ ላይ ግን ሞተሩ እየጮኸ አይሄድልህም።"

"እርስዎ ቢሆኑ የቱን ያስገቡ ነበር?"

"ስድስቱን። ግን የምትነዳው አንተ ነህ። አስብበት።"

መኪናው እዚያው ቆሞ እኔ በአውቶቡስ ቤቴ ገባሁ። ለባለቤቴ ነገርኳት። ስለ ጥርስና ስለ ዙር ሳወራ እስክጨርስ ሰማችኝና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ። "ሰባቱ ምን ያህል ያዘገይሃል?"

"አቀስታ ሳላድር እዚህ አልደርስም።"

"እደራ! አቀስታ አልጋ አለ። የበሽሎ ገደል ውስጥ አልጋ የለም።"

ሰባቱን አስገባን። መካኒኩ አልተከራከሩኝም፤ ዘይቱን ሞልተው ብሎኖቹን ሲያጠብቁ፣ "ሜዳው ላይ ታገስ እንግዲህ" ብቻ አሉኝ።

መጀመሪያ በሽሎን ስወርድ እግሬ ፍሬኑ ላይ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ብዙም አላስፈለገኝም። ሞተሩ እያጓራ ጭነቱን እንደ ልጓም ይዞ አወረደው። ዳገቱን ቱርቦው እያፏጨ ወጣው። የለጋምቦ ሜዳ ላይ ግን ያልቀደመኝ አልነበረም። ሾፌሮች በመስኮት ብቅ እያሉ፣ "ውረድና ግፋው!" ይሉኛል። የፍጥነት መለኪያውም ከነጭራሹ ሐሰተኛ ሆነ፤ ፈጥነሃል ሲለኝ አህያ የሚነዱ ሰዎች አጠገቤ ያወራሉ። አንዳንድ ቀን ንድድ ይለኝ ነበር። አቀስታ በብርድ እየተንቀጠቀጥኩ ስተኛ፣ ስድስቱን ባስገባ ኖሮ አሁን ከልጆቼ ጋር ነበርኩ እላለሁ። ጠዋት ተነስቼ ግን እነዳለሁ።

ከዓመታት በኋላ ወደ ሌላ መኪና ተዛወርኩ። የድሮውን መኪና ከእኔ የተረከበው ሾፌር ብዙ ሳይቆይ ሰባቱን አስወጥቶ ስድስቱን አስገባ። መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ትንሽ አፈር ብሎ፣ "ተቀየምከኝ?" አለኝ።

"ለምን እቀየማለሁ? አንተ የምትመላለሰው ኮምቦልቻ ነው፤ በሽሎን አትወርድ" አልኩት። ሻይ ጠጣንና ተለያየን።